ነፍስ ላላወቀ ልጅ ማውራት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ? ከደብረ ማርቆስ ነው የማወራችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማነሣው ስለ አራስ ልጅ ነው። ስለ እናቲቱ ሌላ ጊዜ እንጫወታለን፤ ዛሬ ስለ ልጁ።

አራስ ጥየቃ ስንሄድ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ገንፎው በቅቤ ይቀርባል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጨዋታው ይደራል። ልጁ ተሸፋፍኖ ከእናቱ ጎን ተኝቷል። ዓይን እንዳያገኘው ነው የሚሸፈነው፤ ከስስት የመጣ ነገር ነውና አልነቅፈውም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ቤት ሙሉ ሰው እያወራ ለእሱ አንድ ቃል የሚወረውርለት የለም። «ገና ነፍስ አላወቀ፣ ምን ይሰማል?» ይባላል።

ይሰማል! ሳይወለድም ይሰማ ነበር። በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት የእናቱ ድምፅ ማሕፀን ድረስ ይደርሰዋል። በፈረንጆቹ 1980 አንቶኒ ዲካስፐርና ዊልያም ፋይፈር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሦስት ቀን ያልሞላቸውን ሕፃናት ፈተኗቸው። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አደረጉላቸው፣ የጡጦ ጫፍ አፋቸው ውስጥ አኖሩላቸው። ሕፃኑ እንዳጠባቡ ሁኔታ አንድ ጊዜ የእናቱን ድምፅ፣ አንድ ጊዜ የሌላ ሴት ድምፅ ይሰማል። ሕፃናቱ የእናታቸው ድምፅ እንዲመጣላቸው አጠባባቸውን ለወጡ። እስኪ አስቡት፤ አንገቱን ማቅናት የማይችል ልጅ «እናቴን አሰሙኝ» እያለ ነው።

እኔ በሥራዬ አዋላጅ ነኝ። ልጁን ደረቷ ላይ እንዳስቀመጥሁላት «አናግሪው እንጂ» እላታለሁ። «ስም የለው፣ ምን ብዬ?» የምትለኝ ብዙ ናት። በእኛ አገር ክርስትና ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው፤ ስሙ እስኪወጣ መጠበቅ የለብሽም እላታለሁ። ሆዴ በይው፣ ዓለሜ በይው፣ የኔ ጌታ በይው። ያን ጊዜ የሚያለቅሰው ልጅ ፀጥ ሲል፣ ዓይኑን ወደ ድምፅዋ ሲያዞር አይቻለሁ። አራስ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከጡት እስከ እናት ፊት ያለው ርቀት ማለት ነው። እግዜር ሲሠራው እንዲህ አስተካክሎ ነው።

ምን ይወራል? የሚሠራውን ማውራት ይበቃል። «አሁን ጨርቅህን ልቀይርልህ ነው፣ በረደህ እንዴ? ቡና እየቆላሁ ነው፣ ሸተተህ?» አያቶቻችን ድምፃቸውን አቅጥነው፣ ቃሉን ጎትተው ሲያናግሩት የሚስቅባቸው አለ፤ ልክ ናቸው! ሕፃናት ከሌላው አነጋገር ይልቅ ይኸንን ይወዳሉ። ታዲያ ዝም ብሎ መደርደር አይደለም፤ ብላችሁ ጠብቁት። ሁለት ወር አካባቢ «እግ…» ብሎ ይመልሳል። ሲመልስ እናንተም መልሱለት። ፊቱን ካዞረ ደክሞታል፣ ተዉት ይረፍ።

ስልክ ግን ቦታውን አይተካም። በከተማ ልጁን ስልክ ፊት የሚያስቀምጥ በዝቷል። በፈረንጆቹ 2003 ፓትሪሺያ ኩል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ዘጠኝ ወር የሆናቸውን አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ አሰሟቸው። ሰው በአካል ተቀምጦ ያጫወታቸው የቋንቋውን ድምፆች ለዩ፤ ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ምንም አልያዙም። የዓለም ጤና ድርጅትም በፈረንጆቹ 2019 አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም ብሏል። ጊዜውም አጭር ነው፤ ስድስት ወር አካባቢ ያለ ልጅ የማያውቀውን ቋንቋ ድምፆች ሳይቀር ይለያል፣ ዓመት ሲጠጋ ጆሮው ወደሚሰማው ቋንቋ ያጋድላል። የእኛ ልጅ «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» ለይቶ የሚይዘው አፉን ከመፍታቱ በፊት፣ ከእኛው አፍ ሰምቶ ነው።

አሁን ወደ አባቶች ልምጣ። ወንድ አራስ ልጅ ሲያናግር ቢሰማ ያፍራል። ለምን ያፍራል? ጎጃም እኮ የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ እያልን በቅኔ ቤቶቻችን የምንኮራ ሕዝብ ነን። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው በጆሮው ነው፣ መምህሩ ሲዘርፍ እየሰማ። ለቃል ይኸን ያህል ክብር ያለው ሰው ለገዛ ልጁ ቃል መንፈግ የለበትም። ማታ ከእርሻ ሲገባ እጁን ታጥቦ ይቀፈው፤ ስለ በሬዎቹ ይንገረው፣ ስለ ጤፉ፣ ዝናቡ እንዴት እንደዋለ። ልጁ ያንን ድምፅ ይለምደዋል፣ ይወደዋል።

ለደከመች እናት ደግሞ ይኸን ሸክም አድርጌ አልጨምርባትም። እሷ ስትተኛ እህት አለች፣ አማት አለች፣ ጎረቤት አለ፤ ልጁን ተቀብለው ያናግሩት። አራስ ልትጠይቁ የምትሄዱም እናቲቱን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካላችሁ በኋላ ጎንበስ ብላችሁ ለልጁም «እንኳን ደህና መጣህ» በሉት፤ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ጉንፋን ከሌለባችሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተዋችሁ። በር ድንገት ሲንኳኳ የማይደነግጥ፣ ሰው ሲያናግረው ምንም የማይለወጥ ልጅ ካላችሁ «ያድጋል፣ ይተወዋል» ብላችሁ አትቆዩ። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ጆሮውን ይዩለት። በጊዜ ከተደረሰበት ብዙ የሚደረግለት ነገር አለ።

በሉ፣ ደህና ዋሉልኝ።