«ያለ ነው» አትበሏት

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ አዋላጅ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አደራችሁ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ጳጉሜ 3 ነው። ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የዓለም የፊዚዮቴራፒ ቀን ሆኖ ይከበራል፤ በእንቅስቃሴና በእጅ የምናክም የእኛ ቀን። እኛ ዘንድ ግን ቀኑ ቀድሞም ባለቤት ነበረው፤ ሩፋኤል ነው። ፈታሔ ማሕፀን የሚባለው፣ ምጥ የያዛት ሴት የምትማጸነው መልአክ። ቀኑን የመረጡት ሰዎች ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም። ለእኔ ግን ጥሩ ሰበብ ሆነኝ። አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ስለ ሙያችን እድገት እንድናገር ነበር። እሱን መጨረሻ ላይ ነካ አደርገዋለሁ።

የመጣሁት ግን ስለ ሁለት ቃል ልናገር ነው፤ «ያለ ነው» ስለሚባለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት «የወገብ ሕመም» የሚል የሪፈር ወረቀት ይዘው መጡ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ስድስት የወለዱ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አላወልቅም አሉ። ወገባቸውን ባየው ባየው ያን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር አጣሁበት። «እማማ፣ ሲያስልዎት ወይም ሲያስነጥስዎት ሽንት ያመልጥዎታል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ወደ በሩ አዩ። በር አልነበረም፤ መጋረጃ ነው። ስለ መጋረጃው እመለስበታለሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

ማንም አልነገረኝም። ጠየቅኩ እንጂ።

ሽንት መቋጠር ካቃታቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት ከቅጥሩ ውጪ ቆመው ነው። ታክሲ ሲሳፈሩ ከሥራቸው ፌስታል ያነጥፋሉ። መንገድ ካለባቸው ከማለዳ ጀምሮ ውኃ በአፋቸው አይዞርም። ጎረቤት ቡና ሲጠራቸው ይቀራሉ፤ ሰፈሩም ተቀይመው መስሎታል። ሕክምና ሄደዋል። መጀመሪያ የሄዱበት ቦታ «እናቴ፣ ስድስት ወልደው ምን ይጠብቃሉ? ያለ ነው» ተባሉ። ሁለተኛው ቦታ «ዕድሜ ነው» ተባሉ። ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ አፍረው «ወገቤን» አሉ። ዕድል ሆነና ወደ እኔ ላካቸው።

ሥራ ጀመርን። የዳሌ ወለል ጡንቻ ፊኛን፣ ማሕፀንንና አንጀትን ከሥር ደግፎ የሚይዝ ነው። ፈስ እንደሚያምቅ ሰው ወደ ውስጥ ጨብጦ ወደ ላይ መሳብ ነው ነገሩ። አትሳቁ፤ ከዚህ የተሻለ የሚገባ አማርኛ አላገኘሁም። ብዙ ሴቶች በቃል ብቻ ሲነገራቸው ጭራሽ ወደ ታች ያምጣሉ። ስለዚህ ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም። አጠገብ ሆኖ ማየትና ማረም ያስፈልጋል።

እኚህ እናት ደግሞ ጆሯቸው ይከብዳል። እጮኻለሁ። «ይጨብጡ! አይልቀቁ! አሁን ይልቀቁ!» ከመጋረጃው ማዶ ስትሮክ የመታቸው አንድ አባት የላስቲክ ኳስ እየጨበጡ ነበር። ለካ እሳቸውም የእኔን ትእዛዝ እየተከተሉ ኖሯል። «ዶክተር፣ አሁን ልልቀቅ ወይስ ልያዝ?» አሉኝ ከማዶ። እናትየው በሳቅ ፈነዱ። ሲስቁ አመለጣቸው። ከዚያ አለቀሱ።

ያን ሳምንት በር ያለው ክፍል እንዲሰጠኝ ጻፍኩ። «ለወጌሻ ደግሞ በር ምን ያደርጋል?» የሚል መልስ መጣልኝ። ወጌሻ መባሉ አልከፋኝም። የወጌሻ እጅ ስንቱን አገር ጠግኗል። የከፋኝ በሩ ነው። አንዲት ሴት ለባሏ እንኳን ያልነገረችውን ነገር በመጋረጃ ከልለን ልንሰማት ነው?

የኳስ ተጫዋች የጭን ጡንቻው ሲሸማቀቅ ለስንት ሳምንት ከሜዳ እንደሚርቅ በሬዲዮ ይነገረናል። ወጌሻው እየሮጠ ሜዳ ይገባል። ይግባ፣ ደግ ነው። በወሊድ ጊዜ የእናትየዋ የዳሌ ወለል ጡንቻ አንዳንዱ ክፍል እስከ ሦስት እጥፍ ሊለጠጥ ይችላል። ለእሷ ማን ሮጠ? «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን። ገንፎ እናበላታለን። ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ቆጥረን ክርስትና እናነሳለን። ያ ሁሉ ሰው በዚያች ቤት ሲመላለስ፣ ሕፃኑ ስንት ኪሎ ገባ ሲባል፣ አንድም ሰው «አንቺስ ሽንትሽን ትቋጥሪያለሽ?» አይላትም። እኛም አንላትም! የተማርነው እኛ! ለክትባት ስትመጣ ልጁን እንመዝናለን፣ ካርዱ ላይ እንጽፋለን፣ ቀጣይ እንላለን። ይህን የምለው በመንደር አሮጊቶች ላይ አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በተቀመጥነው ላይ ነው።

ፊስቱላ ላይ፣ ማለትም ምጥ ሲረዝም በፊኛና በብልት መካከል በሚፈጠረው ሽንት በሚያፈስ ቀዳዳ ላይ፣ ይህች አገር ዓለምን አስተምራለች። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 መጥተው በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። እዚያ ፊዚዮቴራፒ የሕክምናው አካል ነው። ብዙ ቀን አምጣ ነርቭ የተጎዳባት ሴት እግሯ አልታዘዝ ይላል። ቀዳዳው በኦፕራሲዮን ከተዘጋ በኋላም ሽንት የሚያመልጣቸው አሉ። አደራ፣ ከወሊድ በኋላ ሽንቷ ያለማቋረጥ የሚፈስ ሴት ካያችሁ ስፖርት አታሠሯት፤ ቶሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ላኳት። የእኔ ክርክር ከዚያ በመለስ ስላለችው ነው። ስትስቅ፣ እንስራ ስታነሳ፣ ስታስል የሚያመልጣት። ውዱእ ፈረሰብኝ እያለች ሶላቷን የምታቋርጠው። ይህችኛዋ ስሟም ሆስፒታልም የላትም።

መድኃኒቱ ደግሞ ውድ አይደለም። አሜሪካዊው የማሕፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ነው የጻፈበት። ጨብጦ መያዝ፣ ቀስ በቀስ እስከ አስር ሴኮንድ። ስምንት ጊዜ ያህል መደጋገም፣ በቀን ሦስቴ። ትንፋሽ ሳይያዝ። ሽንት ላይ ተቀምጦ መለማመድ አያስፈልግም። ሳል ሲመጣ ቀድሞ መጨበጥ። ቢያንስ ሦስት ወር፣ ከባለሙያ ጋር። ሁሉም ሰው ይድናል አልልም። ግን ቢላዋና ክኒን ከመታሰቡ በፊት የሚሞከረው ይህ ነው።

ስለ ማሕፀን መውጣት፣ በግንኙነት ጊዜ ስለሚሰማ ሕመም ለማውራት አስቤ ነበር። ሰዓቱ አልፏል። ወንዶችም ይህ ጡንቻ አላችሁ፤ ፕሮስቴት የተሠራችሁ ታውቁታላችሁ። የሙያችን እድገት ደግሞ ደህና ነው። ትምህርቱ ተስፋፍቷል፣ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። የሴቶችን ዳሌ ግን ከኮርሱ ጠርዝ ላይ አታስቀምጡባቸው።

እናትየው በሦስተኛው ወር መጡ። «ሲያስለኝ አሁንም ጠብ ይላል» አሉኝ። «ግን ቡና ጠጥቼ ነው የመጣሁት። ሦስቱንም፣ እስከ በረካ።»

ከፊት የተቀመጣችሁ የሥራ ኃላፊዎች ብዙ አልጠይቃችሁም። ማሽን አላልኩም፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ አላልኩም። በር ነው ያልኩት። ቁልፍ ካለው ደግሞ ደስ ይለኛል።

አመሰግናለሁ።