«ምን ታንብብ?» ለሚሉ ወላጆች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማነሳው አሜሪካ ያሉ ወላጆች አዘውትረው የሚጠይቁትን ነው፤ «ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ምን ታንብብ?»

ዕድሜ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ላይብረሪ ውስጥ «ያንግ አደልት» የሚል ምልክት ያለበት መደርደሪያ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉት ሁሉ ነው፤ የስድስተኛ ክፍል ልጅና ኮሌጅ ሊገባ የተዘጋጀ ጎረምሳ እዚያው ተደባልቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ልጅቷን ጠይቋት። «ማንበብ ትወጃለሽ?» አትበሏት፤ «አይ» ካለች ወሬው እዚያው ያልቃል። ይልቅ እንቅልፍ አጥታ ያየችው ተከታታይ ፊልም የቱ እንደሆነ፣ ምኑ እንደያዛት ጠይቋት፤ ፍርሃቱ ነው? ፍቅሩ? እንቆቅልሹ?

መጽሐፍ ለሰለቸው ልጅ እኔ የማስቀድመው በግጥም የተጻፈ ልቦለድ ነው። የጄሰን ሬይኖልድስን «ሎንግ ዌይ ዳውን» ውሰዱ፣ 2017 የወጣ ነው። የ15 ዓመቱ ዊል የተገደለ ወንድሙን ደም ሊመልስ ሽጉጥ ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ ሊፍት ውስጥ ይገባል። ሊፍቱ እስኪወርድ በየፎቁ አንድ ሰው ይገባል፤ የሚገቡት ደግሞ ሙታን ናቸው። ታሪኩ በሙሉ የአንድ ደቂቃ ያህል ጉዞ ነው። ገጹን ስትገልጡት ጥቂት ስንኞች፣ የቀረው ነጭ ወረቀት። ወፍራም መጽሐፍ የሚያስፈራው ልጅ ሳያውቀው ሃያ ገጽ ያልፋል። ታዲያ ወላጅ መጥቶ «ይሄማ ግጥም ነው፣ መጽሐፍ አንብብ» ካለው የተገነባው ሁሉ ይፈርሳል፤ እባካችሁ እንዲህ አትበሉ። ግድያና በቀል ስላለበት ለ12 ዓመት ልጅ ከሆነ ግን አብራችሁ አንብቡት።

አስፈሪ ነገር ለምትወድ ልጅ ደግሞ የሎረን ብላክውድ «ዊዚን ዚዝ ዊክድ ዎልስ» አለ፣ የ2021 ነው። ከኢትዮጵያ በተቀዳ ምናባዊ ዓለም ውስጥ አንድሮሜዳ የምትባል ወጣት ደብተራ ቡዳ ከያዘው ቤት ክፉ መንፈስ ለማስወጣት ትቀጠራለች። ደብተራዋ የቤተ ክርስቲያናችን ደብተራ አይደለችም፤ ደራሲዋ እንደፈለገች ቀርጻታለች። ልጃችሁ «ደብተራ ምንድነው?» ብላ ስትመጣ ግን መጽሐፉን ከመንቀፍ በፊት የምታውቁትን አጫውቷት፤ ያ ወሬ ብርቅ ነው። ፍቅርም ደምም አለበት፣ ከ14 በላይ ብትሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት፣ የሐበሻ ልጅ ስለሆነች ብቻ የስደት ታሪክ እየደራረቡ መስጠት ነው። እሷ እኮ ዘንዶ ያለበት ታሪክ ትፈልግ ይሆናል!

አሰጣጡ ላይ፣ ሦስት የማይመሳሰሉ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከእያንዳንዳቸው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ታንብብ። የመረጠችው እስከ 50ኛው ገጽ ካልያዛት ትተወው፤ በግድ ማስጨረስ ቀጣዩን መጽሐፍ ያስጠላታል። በላይብረሪ ካርድ ሊቢ በሚባለው መተግበሪያ ስልክ ላይ የሚነበብ መጽሐፍ በነፃ መዋስ ትችላላችሁ። አዳዲሶቹ ወረፋ አላቸው፤ ሦስቱንም ባንድ ቀን ካስያዛችሁ ባንድ ሳምንት ሊደርሱና ሳይነበቡ ጊዜያቸው ሊያልፍ ይችላል። ተራችሁ ሲደርስ «በኋላ ይላክልኝ» የሚለውን ምርጫ ተጠቀሙ፣ ወረፋችሁ አይጠፋም።

አዲስ የወጣውን ለመከታተል ለወጣቶች መጻሕፍት የሚሰጠውን የአሜሪካ የፕሪንትዝ ሽልማት እዩ፤ በየዓመቱ ጥር አካባቢ አንድ አሸናፊና እስከ 4 የሚደርሱ የክብር መጻሕፍት ይታወቃሉ። መመዘኛው የሥነ ጽሑፍ ብቃት እንጂ ተወዳጅነት ስላልሆነ አንዳንዶቹ ለትንንሾቹ ይከብዳሉ፤ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሁለት ምዕራፍ ቅመሱ።

ስትጨርስ ደግሞ «ምን ተማርሽ?» አትበሏት፣ ፈተና ይመስላታል። «ማን አናደደሽ?» በሏትና ዝም ብላችሁ ስሟት። የምትሰጣችሁ መልስ ቀጣዩን መጽሐፍ ይመርጥላችኋል።