ጀልባው ተቀየረ፣ ድንጋዩ ግን እስካሁን አለ

እንደምን አረፈዳችሁ? አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መረብ ሰብስባችሁ በዚያው የመጣችሁ እንዳላችሁ ከሽታው አውቄያለሁ። እኔም ያው ነኝ፣ ግድ የለም።

ዛሬ የማወራው ስለ መልህቅ ነው። አያቶቻችን ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምዱት በደንገል ታንኳ ነበር። ለዓሣ ሲወጡ ከዳር ብዙ አይርቁም። ነፋስ ከተነሳ ቀዝፎ መውጣት ነው። ማቆም ካስፈለገም በገመድ የታሰረ ድንጋይ ይበቃል። በ1970ዎቹ ማብቂያ ሞተር ጀልባ ሲገባ ሥራው ከዳር ራቀ። ጀልባው ተቀየረ፣ መረቡም ተቀየረ። ድንጋዩ ግን ይኸው እስካሁን አለ።

ድንጋይ ምን ይጎድለዋል? 15 ኪሎ ጥቁር ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሲገባ 10 ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው። ሲሶውን ውሃው ይሸከመዋል። በዚያ ላይ አይነክስም፤ ይጎተታል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ጀልባው ድንጋዩን እየጎተተ ይሄዳል። «እንግዲያው ከበድ ያለ እንሰር» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ 30 ኪሎ ድንጋይ በቀን ስንቴ ጎትታችሁ ታወጣላችሁ? ወገብ የሚያልቀው እንዲህ ነው።

መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ሳይሆን በመንከሱ ነው። እርሻ የምታውቁ ቶሎ ይገባችኋል። ማረሻ በሬዎቹ ወደ ፊት ሲስቡት መሬት ይገባል፤ ወደ ላይ ካነሳችሁት ይወጣል። መልህቅም እንደዚያው ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. ጄፍሪ ቴይለር የሚባል እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ መልህቁን ጭራሽ በማረሻ ቅርጽ ሠርቶታል። እስካሁንም ይሠራበታል።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የምታጠምዱበትን ቦታ መሬቱን እወቁ። ዘዴው ቀላል ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ በገመድ እሰሩ፣ ከሥሩ ግራሶ ቀቡት፣ አውርዳችሁ መሬት አስነኩትና አውጡት። ጭቃ ወይም አሸዋ ከሆነ ግራሶው ላይ ተለጥፎ ይመጣል። ምንም ሳይይዝ ተፍቆ ከወጣ ከታች አለት ነው።

የጉማራ፣ የርብ፣ የመገጭና የግልገል ዓባይ ወንዞች በሚገቡበት በኩል መሬቱ ደለል ነው። እዚያ የሚያዋጣው ሁለት ሰፋፊ ምላስ ያለው፣ የሚታጠፈው መልህቅ ነው። ለ6 ሜትር ጀልባ 4 ወይም 5 ኪሎ የሚሆን ይበቃል። ቀጭን ጥፍር ያለው መልህቅ ግን ደለሉን ሰንጥቆ ያልፋል።

በደሴቶቹ ዳርና ድንጋያማ በሆነው ዳርቻ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ምላሱ አለቱ ላይ ይንሸራተታል፤ አለዚያም ተሰንቅሮ ይቀራል። ለዚህ ቦታ ከፌሮ የተሠራ ባለ አራት ጥፍር መልህቅ እመርጣለሁ። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ማሠራት ትችላላችሁ። ብየዳ ቤቱ «ወፍራም ፌሮ ላድርግላችሁ» ቢል እሺ አትበሉ። ጥፍሩ አለት ውስጥ ሲቀረቀር በጀልባው ጉልበት ስትስቡት ተቃንቶ መውጣት አለበት። ከዚያ በመዶሻ መልሳችሁ ታጥፉታላችሁ። የማይታጠፍ ከሆነ ገመዱን ቆርጣችሁ መልህቁን ለጣና ትሰጣላችሁ።

ሁለቱም ዓይነት ቦታ ላይ የምትሠሩ ሁለቱንም ያዙ። ወጪ ነው፣ አውቃለሁ። አንድ መረብ ከመጥፋቱ ግን አይበልጥም።

አሁን ወደ ገመዱ። ብዙ ሰው ብረቱን መርጦ ገመዱ ላይ ይሰስታል። በእኔ እምነት ከብረቱ ይልቅ ገመዱ ይበልጣል። ገመዱ ካጠረ ጀልባው መልህቁን ወደ ላይ ይስበዋል፤ መልህቁም የነከሰውን መሬት ይለቃል። ልኩ እንዲህ ነው፤ የውሃው ጥልቀት ላይ የጀልባው አፍንጫ ከውሃው በላይ ያለውን ከፍታ ደምሩ፣ በ5 አባዙ። ነፋስ ካለ በ7። ውሃው 6 ሜትር፣ አፍንጫው ግማሽ ሜትር ቢሆን 33 ሜትር ገደማ ትለቃላችሁ፤ በነፋስ ጊዜ 45። ደግነቱ ጣና ጥልቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። 50 ሜትር ገመድ ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው።

ያ ቢጫው የፕላስቲክ ገመድ ርካሽ ነው፣ ግን ይንሳፈፋል። ሞተሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ፀሐይም ያደርቀዋል። የሚሰምጥና ትንሽ የሚለጠጥ ናይለን ግዙ። ከመልህቁ ቀጥሎ 2 ወይም 3 ሜትር ሰንሰለት አስገቡ። መልህቁን አስተኝቶ ይይዘዋል፤ ገመዱንም አለት እንዳይበላው ያደርጋል።

ስትጥሉ አትወርውሩ። አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሩ፣ ቀስ ብላችሁ አውርዱ፣ ጀልባው ወደ ኋላ ሲሄድ ገመዱን ልቀቁ። ከዚያ ገመዱን በእጃችሁ ያዙት። ጸጥ ብሎ ከተወጠረ ነክሷል። እጃችሁ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እየተጎተተ ነው፤ ገመድ ጨምሩ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የመልህቁን ገመድ ከኋላ፣ ከሞተሩ በኩል፣ በፍጹም እንዳታስሩ። የኋላው ዝቅ ያለ ነው፤ ሞተሩም ይከብደዋል። ማዕበል ሲመጣ ገመዱ ወደ ታች ይይዘዋል፣ ውሃው ዘሎ ይገባል። ጀልባ የሚሰምጠው በዚህ ነው። የምታስሩት ከፊት ነው፣ አለቀ።

በሰሜንና በምሥራቅ በኩል የምትሠሩ እምቦጩንም አስቡት። ነፋስ እየገፋ አምጥቶ ገመዱ ላይ ሲከምረው መልህቁ የሚይዘው ጀልባውን ብቻ አይደለም፤ ያንን ሁሉ ነው። ሲመጣ ካያችሁ ቀድማችሁ ተነሱ።

ወሬው ይብቃን። ሁለቱንም ዓይነት መልህቅ ውጭ ጀልባው ላይ አድርጌዋለሁ፤ ግራሶም አለ። አምስት አምስት እየሆናችሁ ኑ፣ መጀመሪያ ከዚህ ከፊታችን ያለው መሬት ጭቃ ይሁን አለት እንይ።