ወር አይዘለልም
(ደሴ ውስጥ በግቢ ጉባኤ፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲ ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች ጉባኤ፣ ተመራቂዎች ሽኝት ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አገልጋዮች፣ ልጆቻችሁን ለማየት ከየአገሩ የመጣችሁ ወላጆች፣ ውድ ተመራቂዎች፣ እንደምን አመሻችሁ?

የተባልኩት «ስለ እምነት አንድ ሃያ ደቂቃ ንገሪልን» ነው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁ። አባቶች በተቀመጡበት ትርጓሜ ልዘርዝር ብል ድፍረት ይሆንብኛል። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ ላውራችሁ።

የግማሾቻችሁ ልብ እዚህ እንደሌለ አውቃለሁ። የመውጫ ፈተናው ውጤት ገና አልተለቀቀም። ከወንበር በታች የሚበሩት ስልኮች ከዚህ ሆነው ይታያሉ፤ የመምህር ዓይን ጡረታ አይወጣም። ዝጉት ግድ የለም። ሲለቀቅ ከውጭ ጩኸቱን እንሰማለን።

ውጤቱ ቢመጣ ደግሞ ሥራው አለ። ሥራው ቢገኝ የት አገር እንደሚሆን አይታወቅም። አገሩ ቢታወቅ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ ማን ያውቃል? ሁላችሁም ሆዳችሁ ውስጥ ያለው «ምን ይሆን?» የሚለው ነው። መልሱ እኔ ጋ የለም። ከመልሱ በፊት እንዴት እንደሚኖር ግን ከአንዳንድ ሰዎች አይቻለሁ።

አባቴ ሐብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ወረድ ብሎ፣ ማሽላ ገበሬ ነበር። ማሽላ በሚያዝያ፣ በበልጉ ዝናብ ይዘራል። ይበቅልና ዝናቡ ቀጥ ይላል። ፀሐይ ያቃጥለዋል። አባቴ ሰኔ ላይ ገልብጦ ቶሎ የሚደርሰውን ማሽላ ይዘራል። እሱም እንቢ ካለ ሐምሌ ላይ ጤፍ። ጤፉም ካልያዘ ክረምቱ ሲወጣ በቀረችው እርጥበት ሽምብራ። አንዱ ማሳ በአንድ ዓመት አራት ጊዜ ሲዘራ በዓይኔ አይቻለሁ። በአራተኛው አንድ ጎረቤታችን «ኧረ ተወው፣ ዘንድሮ ሰማዩ ጨክኗል» አለው። አባቴ በሬዎቹን ሳያቆም «ሰማዩ የእሱ ነው፤ እርፉ የእኔ ነው» አለ።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ መጽሐፈ መክብብን አነበብኩለት። «ነፋስን የሚጠባበቅ አይዘራም፥ ደመናንም የሚመለከት አያጭድም» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመኝ። «ይሄን የጻፈው ገበሬ ነው» አለ። ኧረ ንጉሡ ሰሎሞን ነው ብለው አልተቀበለኝም። እስኪሞት ድረስ ሰሎሞን ሁለት በሬ እንደነበረው ያምን ነበር።

አሁን ስለ ሰባ ሰባቱ ረሃብ ልናገር። ወላጆች የምለውን ታውቃላችሁ። እናንተ ልጆች ደግሞ በፎቶ ያያችሁት ይመስለኛል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በ1976 በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ተከተለው። ያን ጊዜ አባቴ እርፍ ቢይዝም የሚዘራው ዘር አልነበረውም። ታናሽ ወንድሜ ሞተ። ሦስት ዓመቱ ነበር። እናቴ ስትጸልይ ነበር። ከእኛ ጎን የሞቱትም ሲጸልዩ ነበር፤ ሰምቻቸዋለሁ። ዛሬ እዚህ ቆሜ «አምናችሁ ከጸለያችሁ ሁሉም ይሳካላችኋል» ብላችሁ በእናቴ እንባ መቀለድ ነው።

ሠለስቱ ደቂቅ በንጉሡ ፊት ቆመው «የምናመልከው አምላካችን ከሚነድደው ከእሳቱ እቶን ያድነን ዘንድ ይችላል» አሉ። ይቺን ቲሸርት ላይ እናትማታለን። ቀጥለው ያሏትን ግን ማንም አያትማትም። «ነገር ግን፥ ንጉሥ ሆይ፥ እርሱ ባያድነን» አሉ። ባያድነንም አንሰግድም ነው ነገሩ። እሳቱ ውስጥ አራተኛው ሰው የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ሲናገሩ እንደሚመጣ አያውቁም ነበር።

እናቴ ወንድሜን በቀበረች በሳምንቱ፣ እርዳታ በሚሰጥበት ቦታ የወተት ዱቄት ተበጥብጦ ታደለን። ረቡዕ ነበር። የእሷንም ኩባያ ለእኔ ሰጠችኝ። አጠገባችን ያለች ሴት «አንቺ እብድ ነሽ? ዓመቱን ሙሉ እየጾምሽ!» ብላ ጮኸችባት። እናቴ «ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አለች። ሌላ አልተናገረችም። አባቶች ይፍረዱ እንጂ፣ ካህን ብትጠይቅ ኖሮ «ጠጪ» ይሏት ነበር። እናንተም ብትታመሙና ብትራቡ እንደ እሷ አድርጉ አልላችሁም። ግን አስቡት። ልጇ ሄዷል፣ በሬዎቹ ሄደዋል፣ ቤቱ ተዘግቷል። በእጇ የቀረው ረቡዕ ነበር። እሱን አለቀቀችም።

ይህ የገባኝ አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያም ዘግይቶ ነው። በ2014 ነው።

እኛ ሰፈር ሸዋ በር የ21 ማርያም ጽዋ ማኅበር አለን። ሃያ አራት አባላት ነን። መስከረም 21 ጽዋውን ተረክቤ ወደ ቤቴ ወሰድኩ፤ የጥቅምቱ ተራ የእኔ ነበር። ጠላው በበርሜል ደርሷል። ጌሾው ትንሽ በዝቶበት ነበር መሰለኝ፣ እሱ እንኳ እስካሁን ይቆጨኛል። ለድፎው ዱቄቱ ተነፍቷል፣ ኮባው ታጥቧል። ቅዳሜ ጥቅምት 20 ከተማው በተኩስ ተናወጠ። ደሴ ነቅሎ ወጣ። እናቶች ልጅ አዝለው፣ ሽማግሌ በጋሪ፣ ሁሉም ወደ ኮምቦልቻ አቅጣጫ። እኔ ሁለት ልጆቼን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ የማስበው ምን መሰላችሁ? ጽዋውን። ይዤው ብሄድ መንገድ ላይ ይጠፋብኛል። ቤት ብተወው ይዘረፋል።

ጎረቤቴ ሰባዎቹን ያለፉ ሙስሊም እናት ናቸው። እግራቸውን ስለሚያማቸው አልወጣም ብለዋል። በአጥር ጠራኋቸው። ጽዋውን ከነልብሱ ሰጠኋቸው። ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማርያም ዕለት ከጠላው በስተቀር ያልቀመሱልን የለም። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና «አማና ነው። ሂጂ» አሉኝ።

አማና። እኛ ወሎዎች ይህን ቃል መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ያለ ይመስል እኩል ነው የምንጠቀምበት። አደራ ማለት ነው፣ ግን ከአደራ ትንሽ ይከብዳል።

ደብረ ብርሃን ደረስን። አንዲት ክፍል ለሦስት ቤተሰብ ተከራየን። ብርዱን አልነግራችሁም። ኅዳር ገባ። ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ናት። የማኅበራችን ሙሴ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ እድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፣ ስልክ እየደወሉ በከተማው የተበተነውን ለቀሙን። ዘጠኝ ሰው ተገኘ። «ጋሼ፣ በምን ልናደርገው ነው? ጽዋው የለ፣ ጠላ የለ» አልኳቸው። «ወር አይዘለልም» አሉ። ከዳቦ ቤት ዘጠኝ ዳቦ ተገዛ። ውኃ በቢጫ የፕላስቲክ ኩባያ ተቀዳ። እንደኛው የተፈናቀሉ አንድ ቄስ መጥተው ጸሎት አደረሱ፣ ባረኩት። ኩባያው ላይ የአንድ ዘይት ፋብሪካ ማስታወቂያ ነበረበት። በየተራ ጠጣን። ከመካከላችን አንዷ ልጇ የት እንዳለ ገና አልሰማችም ነበር። እሷም ጠጣች። ማንም ደስታ አልተሰማውም፤ ሞቅታም፣ መጽናናትም የሚሉት ነገር አልነበረም። ዘጠኝ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቀኑን ጠብቆ ተገኘ። በቃ።

እምነት ማለት ሲሰማኝ የሚኖር፣ ሳይሰማኝ የሚጠፋ ነገር ይመስለኝ ነበር። የዚያን ቀን ማንም አልተሰማውም፤ ግን ማናችንም አልቀረንም። በቋንቋችን ደግሞ ማመንና መታመን አንድ ግንድ አላቸው። እኔ አምነዋለሁ ስል፣ እሱ እኔን ማመን ይችላል ወይ የሚለው አብሮ ይመጣል። ያን ቀን የታየኝ ይህ ነው።

ኅዳር መጨረሻ ደሴ ተለቀቀች። ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። ቤቴ ማንኪያ ሳይቀር ተወስዷል። የጠላው በርሜልም የለም። (ጌሾው የበዛበትን ጠላ ማን እንደጠጣው እግዚአብሔር ይወቅ።) ጎረቤቴ ቤት ሮጥኩ። እሳቸውም ተዘርፈዋል። የበርበሬ ጆንያቸውን ግን ማንም አልፈለገውም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደው ጽዋውን አወጡልኝ። ልብሱ እስከ ዛሬ ቢታጠብ ቢታጠብ በርበሬ በርበሬ ይላል። እሳቸው በስተርጅና፣ ተኩስ በራቸው ላይ እየጮኸ፣ ለእኔ የገቡትን ቃል ጠበቁ። እኔ ለአምላኬ የገባሁትን ማስታወስ አቃተኝ ማለት እንዴት ይሆንልኛል?

ለምን መሰላችሁ እንዲህ የምለው? ቃሌን ያልጠበቅኩበትም አለ። ትልቁ ልጄ በተወለደ በሁለት ወሩ የሳንባ ምች ያዘው። ሌሊቱን በሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ተንበርክኬ «ግሸን ማርያም፣ ማሪልኝ፣ ጥላ ይዤ በእግሬ ሽቅብ እወጣለሁ» አልኩ። ዳነ። ግሸን ለደሴ ሰው ጎረቤት ናት፣ አምባሰል እኮ ነው። ግን በዓሉ መስከረም 21 ነው፤ ትምህርት የሚከፈትበት ሰሞን። አንዱን ዓመት ምዝገባ ነው አልኩ። አንዱን ዓመት ዝናቡ አልወጣም አልኩ። አንዱን ዓመት ጥላው ተወደደ። አሥራ አንድ ዓመት! ውዝፍ የመብራት ቢል ቢሆን ቆጣሪዬ ተነቅሎ ነበር። መጽሐፉ «ተስለህ የማትፈጽም ከሆነ ባትሳል ይሻላል» ይላል፤ እኔ ሲነበብ ጫማዬን ነበር የማየው። በመጨረሻ ጥላውን ተሸክሞ አቀበቱን የወጣው ራሱ የተሳልኩለት ልጅ ነው። እኔ ከኋላው እያለከለክሁ።

እዚያ አምባ ላይ ቆሜ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብን ነገር አሰብኩ። ትውፊቱን ታውቁታላችሁ። ግማደ መስቀሉን፣ ጌታ የተሰቀለበትን የመስቀል ክፋይ፣ ያስመጡት አባታቸው አፄ ዳዊት ናቸው፤ ግን ሳያስገቡት መንገድ ላይ አረፉ። ልጁ ተረከቡ። መስቀሌን በመስቀለኛ ቦታ አስቀምጥ ተባሉ። የት? አልተነገራቸውም። ቦታውን ሳያውቁ መስቀሉን ይዘው ተራራ ለተራራ ሲፈልጉ ዓመታት ሄዱ። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት፣ እኛ ውኃውን የጠጣንባትን፣ እሳቸው ናቸው። አባት የጀመሩትን ልጅ እዚያው ግሸን ላይ ጨረሱ። አሁን ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ቅርጹ መስቀል መሆኑ ግልጽ ነው። ለሚፈልግ ሰው፣ ከታች ሆኖ ለሚያይ፣ ገደል ብቻ ነው የሚታየው።

ወደ እናንተ ልመለስ። ምኑን ነው የምትይዙት? ትልቅ ነገር አልጠይቃችሁም። ሥራ ፍለጋ ስትወጡ ያልሠራችሁበትን የሥራ ልምድ ወረቀት የሚሸጥላችሁ ሰው ይመጣል፤ ርካሽም ነው። ያን ቀን «ሁሉም ያደርገዋል» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ሥራ አጥታችሁ ሁለተኛ ዓመት ስትገቡ ንስሐ አባታችሁን ማየት ታፍራላችሁ። ቤተ ክርስቲያን የማትሄዱት እምነት ስላጣችሁ አይሆንም፤ «ምን ሥራ ያዝክ?» የሚለውን ጥያቄ ስለምትሸሹ ነው። እኔ አውቀዋለሁ፤ የተማሪዎቼን ፊት ስንት ጊዜ በጓሮ መንገድ ሲያልፍ አይቻለሁ። በዋናው በር ግቡ። «ገና አልያዝኩም» ብላችሁ መልሱ። አፈር አይበላችሁም።

የመሰደድ ሐሳብ ያላችሁም አላችሁ። ከዚህ ከወሎ ያልተሰደደ ልጅ የሌለው ቤት ስንት ነው? አንዲት የድሮ ተማሪዬ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ሌሊት ሌሊት ነው የምትደውለው፣ አሠሪዎቿ ሲተኙ። አንድ ጊዜ በሹክሹክታ «ቲቸር፣ ፍልሰታ መቼ ነው የሚገባው? እዚህ ቀኑ ጠፋብኝ» አለችኝ። ነሐሴ አንድ ነው፣ የሳምንት ዓርብ ማታ አስቢ አልኳት። «እሺ፣ ከዚያ ወዲያ ሩዙን ብቻ እበላለሁ» ብላ ዘጋች። ቅዳሴ የላት፣ ካህን የላት፣ በቀን መቁጠሪያ እንኳ አልታደለችም። ከዚያ ወዲህ ጾም በገባ ቁጥር ቀድሜ አጭር መልእክት እልክላታለሁ። እናንተም እንዲህ ያለ አንድ ሰው ይኑራችሁ፤ ወይ ቀኑን የሚነግራችሁ፣ ወይ የምትነግሩት።

ሰዓቴ አልቋል፤ አስተናባሪው ልጅ እጁን እያሳየኝ ነው። አንድ ማስታወቂያ ብቻ ልጨምር። የፊታችን ሰኔ 21 ሕንጸታ ማርያም ናት፤ ተራውም የእኔ ነው። ጠላው ተጠንስሷል፤ ጌሾውን ዘንድሮ ራሴ ነኝ የለካሁት። ጾመ ሐዋርያት ስለሆነ ወጡ ሽሮና ምስር ነው። ደሴ የምትቆዩ ካላችሁ ኑ፤ ሸዋ በር ደርሳችሁ የማርያም ማኅበር ያለበት ቤት ብትሉ ያሳዩአችኋል። ቤቱን ካጣችሁት ጎረቤቴን ጠይቁ። በረንዳቸው ላይ በርበሬ አስጥተው ታገኟቸዋላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።