ልብ የሚያውቀውና የሚገምተው

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከደሴ፣ ከቤቴ ነው የማወራችሁ። የዝናብ ድምፅ ከገባባችሁ ቆርቆሮው ነው፣ ታገሡኝ።

«ልብሽን አዳምጪ» የሚባል ምክር አለ። ከባድ ውሳኔ የገጠመው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ምክሩን አልጠላውም፣ ግን ግማሽ ነው። ልብ ሁሉንም ነገር እኩል አያውቅም። የኖረበትን ያውቃል። ያልኖረበትን ይገምታል። ሲገምትም የሚናገረው በዚያው በምናምነው ድምፅ ነው። የሚያስቸግረው እሱ ነው።

ይህን ያሰብኩት ወደ ደሴ ልመለስ ወይስ ልቅር ስል ነው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ፣ እንደ ብዙው ሰው እኛም በኮምቦልቻ በኩል ወጣን። አዲስ አበባ ወንድሜ ቤት አረፍን። በኅዳር መጨረሻ መንገዱ ሲከፈት ሰው መመለስ ጀመረ። እኔ ግን በመሃል ሥራ አግኝቻለሁ። ደመወዙ ደህና ነው። ወንድሜ «አርፈሽ ቁጭ በይ፣ እዚያ ምን ቀረሽ?» ይለኛል። ለእኔ አስቦ ነው፣ ደግሞም እውነቱን ነበር። ደሴ ፒያሳ አጠገብ የነበረችው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ተዘርፋለች። ፎቶኮፒ ማሽኑ የለም። ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ሁሉም ሄዷል።

ስደምረውም ስቀንሰውም መልሱ «ቅሪ» ነበር። ልቤ ግን እሺ አላለም።

መጀመሪያ ልቤን አላመንኩትም። ናፍቆት ቢሆንስ? ናፍቆት እኮ መልካም መልካሙን ብቻ ነው የሚያሳየው። የጦሳን ተራራ፣ ጠዋት የሚወርደውን ጉም፣ የቡናውን እጣን፣ ጎረቤቱን። ስለዚህ ሆን ብዬ ክፉ ክፉውን አሰብኩ። ውሃ የጠፋበትን ሳምንት። መብራት ሄዶ ደንበኛ ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ። የሐምሌን ብርድ። ባዶ መደርደሪያ ፊት ብቻዬን ቆሜ። ይህን ሁሉ እያየሁም መሄድ ፈለግሁ። ያን ጊዜ «ይሄ ናፍቆት ብቻ አይደለም» አልኩ። ለእኔ ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ነው። የምትመርጡትን ነገር በመጥፎ ቀኑ አስቡት። ልባችሁ እዚያም ካልሸሸ፣ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው።

ደሴ የቀሩ አንዲት ጎረቤት አሉን፣ እንደ እናቴ የማያቸው። ደወልኩላቸው። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፣ እንደ ልማዳቸው። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን። ለወሎ ሰው ይህ ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ኢስቲኻራ ይሰግዳሉ። ሁለት ረከዓ ሰግደው ዱዓ ያደርጋሉ። ነገሩ ለዲኔም፣ ለኑሮዬም፣ ለመጨረሻዬም መልካም ከሆነ አግራልኝ፤ ክፉ ከሆነ እሱን ከእኔ፣ እኔንም ከእሱ አርቅ፤ መልካሙን የትም ይሁን ወስንልኝ፣ ከዚያ በእሱ አስደስተኝ ይላሉ። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ህልም ይጠብቃል። እሳቸው ግን «ህልም አልጠብቅም። ሰው አማክራለሁ፣ እጀምራለሁ፣ ከገራልኝ እቀጥላለሁ» አሉኝ።

በዱዓው ውስጥ «አንተ ታውቃለህ፣ እኔ አላውቅም» የሚል ቃል አለ። ደጋግሜ አሰብኩት። ልቡን ሊሰማ የተቀመጠ ሰው፣ መጀመሪያ አለማወቁን ይናገራል። በእኛም በኩል ሱባኤ የሚገባው፣ የንስሐ አባቱን የሚያማክረው፣ እንደዚሁ ነው። ልባችን ፈቀደ ብለን ዘለን አንነሳም።

አጥኚዎችም በሌላ መንገድ ወደዚሁ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 አንቷን ቤቻራ፣ አንቶኒዮ ዳማሲዮና ባልደረቦቻቸው አንድ ሙከራ አሳተሙ። ሰዎች ከ4 የካርታ ክምር እየመረጡ ይጫወታሉ። ሁለቱ ክምሮች ብዙ ያስገኛሉ፣ በመጨረሻ ግን ያከስራሉ። ሰዎቹ የትኛው መጥፎ እንደሆነ በአፋቸው መናገር ሳይችሉ፣ እጃቸው ወደ መጥፎው ክምር ሲሄድ ቀድሞ ያልባቸው ነበር። ይህን ያነበበ ሁሉ «አያችሁ፣ ሰውነት ያውቃል» ይላል። ልክ ነው። ግን በመጀመሪያው ካርታ ላይ ያላበው የለም። አስር ያህል ካርታ ገልጠው፣ ከስረው ነው ሰውነታቸው የተማረው።

ዳንኤል ካህነማንና ጋሪ ክላይን የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም በዚሁ ላይ ሠርተዋል። ክላይን የእሳት አደጋ ሠራተኞች በቅጽበት እንዴት ልክ እንደሚወስኑ ያጠና ሰው ነው። ካህነማን ደግሞ የሰውን ስህተት ሲያጠና ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ2009 አብረው ጻፉ። የተስማሙት፣ እንዲህ ያለው ስሜት የሚታመነው ነገሩ ራሱ ሥርዓት ሲኖረውና ሰውየው ረጅም ጊዜ ሠርቶበት ውጤቱን ሲያይ ነው። በጣም እርግጠኛ መሆን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም አሉ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ልቤ ለምን ስለ ሱቋ ሲናገር እንደማምነው ገባኝ።

እዚያ ባንኮኒ ላይ ነው የኖርኩት። አንድ ሰውዬ ወረቀት አስቀምጦ እጁን ከላዩ ካላነሳ፣ የፍርድ ቤት ሰነድ ነው፤ ኦርጅናሉ እንዳይጠፋበት ይሰጋል። ስለዚህ ወደ ጓዳ አልወስደውም፣ እዚያው እያየኝ ኮፒ አድርጌ መጀመሪያ ኦርጅናሉን እመልስለታለሁ። ሰኞ ለገበያ ከገጠር የሚመጣው ሰው መታወቂያ ነው የሚያስኮፒው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሪሰርች ለማስጠረዝ ሲመጡ ሁልጊዜ ማምሻውን ነው፣ ሁልጊዜም ተቻኩለው። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ከተመለስኩ ማን ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ማን በዱቤ ወስዶ እንደሚከፍል አውቅ ነበር። ወንድሜ ይህን ሊያውቅ አይችልም። በወረቀት ላይም አይደመርም።

ተመለስኩ። ያገለገለ ማሽን በብድር ገዛሁ። ከባድ ነበር፣ አሁንም ቀላል አይደለም። ግን አንድም ቀን «ምነው» አላልኩም።

ፍርሃትም እንደ ልብ ነው የሚናገረው፣ ስለዚህ አንድ ነገር ልበል። የእኔ ፍርሃት ሁልጊዜ ይቸኩላል፣ ሁልጊዜም ስለ ሰው ያወራል። «ከሰረችና ተመለሰች ይሉሻል፣ ዛሬውኑ ወስኚ» ይላል። ልቤ ሳምንት ቢያልፍም ያንኑ ነው የሚለው። የናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ግን በሌሊት የመጣን ውሳኔ ጠዋት ቡና ጠጥታችሁ እንደገና ጠይቁት።

አሁን ደግሞ ሌላ ውሳኔ አለብኝ። ኮምቦልቻ አንድ ሱቅ ተገኝቷል፣ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ክፈቺ እየተባልኩ ነው። ልቤ ዘሎ «ያዢው» ይላል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ በ2009 ሐምሌ ነው የተመረቀው። የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚያ ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከታች ሙቀቱ ሌላ፣ ሰዓቱ ሌላ፣ ደንበኛው ሌላ ነው። ኮምቦልቻን ከሚኒባስ መስኮት ነው የማውቃት። የፋብሪካ ሠራተኛ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ወረቀት የት እንደሚያስኮፒ አላውቅም። ልቤ እየገመተ ነው።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ሱቄን ለእህቴ እየተውኩ እወርዳለሁ። በሩ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት እቀመጣለሁ፣ ማን እንደሚያልፍ አያለሁ። ባለቤቱ እስከ ጥቅምት ሊጠብቀኝ ተስማምቷል። ኮምቦልቻ የምትኖሩ፣ በተለይ ሱቅ ያላችሁ ካላችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ። ክፉ ክፉውንም ጨምራችሁ። በሉ፣ ሰላም ሁኑ።