ትንሿ ስክሪን የምትበቃበት ቦታ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ዛሬ የማነሳው ኪስ የሚገቡትን ቪዲዮ ማጫወቻዎች ነው፤ ኤምፒ ፎር የምንላቸውን፣ አይፖድንም ጨምሮ። ስልክ እያለ ምን ይሠራሉ የሚል ብዙ ነው። እኔ አሁንም ቦታ አላቸው ባይ ነኝ። ቦታቸው ግን ፊልም ላይ ሳይሆን የእጅ ሥራ ትምህርት ላይ ነው። ሽሩባ፣ ስፌት፣ ክራር... እነዚህ አንዴ ታይተው የሚያዙ አይደሉም። ግራ እጅ የክራሩን አውታሮች እንዴት እንደሚያፍን የምታሳየዋ አንድ ደቂቃ ደጋግማ መታየት አለባት። ስልክ መሀል ላይ ይጠራል፣ መልእክት ይገባበታል። ማጫወቻው ሌላ ሥራ የለውም፤ ዳታም አይበላም።

ለፊልም ያልመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 ቪዲዮ የሚያሳየውን የመጀመሪያ አይፖድ ሲያወጣ ስክሪኑ 2.5 ኢንች፣ ጥራቱም 320 በ240 ነጥብ (ፒክስል) ነበር። ባለ 30 ጊጋባይቱ ቪዲዮ የሚያጫውተው እስከ 2 ሰዓት እንደሆነ ኩባንያው ራሱ ገልጿል። ባትሪው ሲያረጅ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል።

ዋናው ሥራ ዝግጅቱ ላይ ነው። ዛሬ የሚቀረጸው ቪዲዮ በብዛት ሰፊ ነው፤ ወርዱ ከቁመቱ ጋር 16 በ9። እንዳለ ሲጫን ከ240ው የስክሪን መስመር 180ው ብቻ ይሠራል፤ ቀሪው ከላይና ከታች ጥቁር ሆኖ ይባክናል። እጁ መሀል ላይ ከሆነ ጎንና ጎኑን ቁረጡት። በነፃ የሚገኘው ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም 1920 በ1080 ከሆነው ቪዲዮ ከግራ 240፣ ከቀኝ 240 ብትቆርጡ 1440 በ1080 ይቀራል። እሱን ወደ 320 በ240 ስታሳንሱት ስክሪኑን ሙሉ ይይዛል፤ ጣቶቹም በሲሶ ያህል ይተልቃሉ። ትምህርቱ የሚታይ ወይም የማይታይ የሚሆነው በዚህች አንዷ ነገር ነው።

ምስሉን ኤች.264 በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ፣ ቤዝላይን በሚባለው ቀላል ደረጃ፣ በሰከንድ 500 ኪሎቢት፤ ድምፁን ኤኤሲ በሚባለው የድምፅ መጭመቂያ፣ 96 ኪሎቢት አድርጉት። አንድ ሰዓት ቪዲዮ ወደ 270 ሜጋባይት ይሆናል፤ ስለዚህ 8 ጊጋ ላይ ወደ 29 ሰዓት ይገባል። ድምፅ እየተሰማ ምስሉ እንቢ ካለ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም። ብዙ አዳዲስ ስልኮች የሚቀርጹበትን ኤች.265 የተባለ አዲስ መጭመቂያ አሮጌ ማጫወቻ መፍታት አይችልም። አንዳንድ ርካሽ ኤምፒ ፎሮች ደግሞ ኤኤምቪ የሚባለውን የቪዲዮ ፋይል ዓይነት ብቻ ስለሚያነቡ፣ አብሯቸው በሚመጣው ፕሮግራም መቀየር ግድ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ልቆይ። አብዛኞቹ ማጫወቻዎች የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ ለብቻው የተጫነ የግርጌ ጽሑፍ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይደረደራል። መፍትሔው ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አትሞ መቀየር ነው። ግን አግዝፉት። ቢ እና ቤ የሚለዩት ከእግራቸው ሥር ባለች ቅጥያና ቀለበት ብቻ ነው፤ ፊደሉ ካነሰ ሁለቱም አንድ ጠብታ ይሆናሉ። ከ20 ነጥብ ቁመት ባይወርድ ይመረጣል፤ አንድ መስመር ላይም ከሦስት አራት ቃል አታብዙ። የፋይሉንም ስም በቁጥር፣ 01፣ 02 እያላችሁ ብትሰጡ ቅደም ተከተሉ አይዛባም።

ረጅሙን ትምህርት በየደረጃው ቆራርጡት። እነዚህ ዕቃዎች ላይ ወደኋላ መመለስ አዝጋሚ ነው፤ የፈለጋችሁት ቦታ ላይም አይቆምም። አጭር ፋይል ግን ከመጀመሪያው ማስጀመር ብቻ ነው።

ሚሞሪ ካርድ ስትገዙ ተጠንቀቁ። 64 ጊጋ ተብሎ ውስጡ 8 የሆነ አለ። መጀመሪያ የተጫነው በደንብ ይሠራል፤ ከእውነተኛው መጠን ሲያልፍ ግን የሚጫነው ሁሉ ይበላሻል። ሙሉውን ሞልታችሁ የመጨረሻዎቹን ፋይሎች አጫውቱ።

ሁሉንም ከመቀየራችሁ በፊትም አንድ ደቂቃ ቀይራችሁ ጫኑና ዕቃውን ሥራው በሚሠራበት ርቀት አቁሙት፤ ለክራር 50 ሳንቲሜትር ያህል ነው። አመልካችና መሀል ጣት ተለይተው ካልታዩ ተመልሳችሁ ምስሉን ወደ እጁ አጥብባችሁ ቁረጡት።