"ፍቀድ" ስንል የማንን ነው?

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ክትትልና ስለ ግል ሕይወት ሳስብ አንድ ነገር አልለቅ ብሎኛል፤ እሱን ላውራችሁ።

የክትትል ወሬ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው መልስ "እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም" ነው። እሺ፣ የላችሁም እንበል። ግን ስልካችሁ ውስጥ ያለው ሁሉ የእናንተ ነው እንዴ?

አዲስ አፕ ስትጭኑ ኮንታክታችሁን ልይ ይላችኋል። "ፍቀድ" የሚለውን ትነካላችሁ። የእናታችሁ ቁጥር፣ የሐኪማችሁ፣ ድሮ የተጣላችሁት ሰው ቁጥር ሳይቀር ሊወሰድ ይችላል። እነሱን የጠየቃቸው የለም። ያን አፕ በስሙ እንኳን የማያውቁ ይኖራሉ። ደግሞ ቁጥሩ ብቻውን አይሄድም፣ እናንተ ያወጣችሁለት ስምም አብሮ ይሄዳል። አንዱን "እንዳታነሺው" ብላ የመዘገበች ጓደኛ አለችኝ። እሱ ሰውዬ አንድ ቦታ በዚህ ስም ተመዝግቦ ይሆናል!

ለፖለቲካ ዘመቻዎች ይሠራ የነበረውን ኩባንያ፣ የካምብሪጅ አናሊቲካን ጉዳይ ታስታውሳላችሁ። የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን መረጃ ሳያውቁ ወስዷል የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የፈነዳው። መረጃው የተሰበሰበበትን፣ ፌስቡክ ላይ የነበረውን የስብዕና መጠይቅ አፕ የተጠቀሙት 270 ሺህ ገደማ ሰዎች ነበሩ። ፌስቡክ ራሱ ግን የእስከ 87 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተወስዶ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። ምክንያቱም በጊዜው እንዲህ ያለ አፕ የተጠቃሚውን ጓደኞች መረጃም መውሰድ ይችል ነበር። እነዚያ ሚሊዮኖች ምንም አልነኩም። ጥፋታቸው ጓደኛ መሆናቸው ነው።

ከዚህ የሚከብደኝ የዲኤንኤው ነገር ነው። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ ፖሊስ፣ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ብዙ ሰው በመግደልና በመድፈር የሚፈለግ ወንጀለኛ ያዘ። የቀድሞ ፖሊስ ሆኖ ተገኘ። የተደረሰበት ግን እሱ በሰጠው ዲኤንኤ አይደለም። ፖሊስ ከወንጀሉ የተገኘውን ዲኤንኤ፣ ሰዎች ዲኤንኤያቸውን እየሰጡ የዘር ሐረጋቸውን በሚፈልጉባቸው ድረ ገጾች ላይ ሲያመሳክር የሩቅ ዘመዶቹ ተገኙ። ከእነሱ ተነስተው የቤተሰቡን ሐረግ እየሳሉ እሱ ላይ ደረሱ። በ2020 ጥፋቱን አመነ።

እሱ በመያዙ ደስ ብሎኛል፣ እሱን አልደብቃችሁም። ግን ዘዴው ነፍሰ ገዳይን ብቻ መርጦ አይሠራም። አይታችሁት የማታውቁት የሩቅ ዘመዳችሁ ለጨዋታ ብሎ ምራቁን ቢልክ፣ የእናንተም ቁራጭ አብሮ ሄዷል። ስልክ ቁጥር ይቀየራል። ዘመድ በምን ይቀየራል?

"ሕግ የለም ወይ?" ትሉ ይሆናል። አለ፤ ግን ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ኩባንያና መንግሥት ላይ ነው። የአውሮፓው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ለምሳሌ፣ ሰው ለግሉና ለቤቱ ብቻ የሚያደርገውን አይነካም። ታዲያ "ለቤቱ ብቻ" እስከ የት ነው? አንድ የቼክ ሰው ቤቱ ላይ ጥቃት ሲበዛበት ካሜራ ሰቀለ። ካሜራው የራሱን በር፣ የእግረኛውን መንገድና የፊት ለፊቱን ቤት መግቢያ ይቀርጽ ነበር። ተጠርጣሪዎችም በቀረጻው ተለዩ። በ2014 ግን የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ የሕዝብ መንገድ የሚቀርጽ ካሜራ የቤት ውስጥ ጉዳይ ብቻ ሊባል አይችልም አለ። ንብረትን መጠበቅ ተገቢ ምክንያት ሊሆን እንደሚችልም ሳይጠቅስ አላለፈም።

ለሰውየው አዝኛለሁ፤ መስኮቱን ሰብረውበታል። ቢሆንም ፍርዱ ልክ ይመስለኛል። የፊት ለፊቱ ጎረቤት ሲወጣና ሲገባ ለመቀረጽ ፈቃዱን አልሰጠም።

እስኪ ዛሬ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ኮንታክታችሁን የትኞቹ አፖች እንደሚያዩ ተመልከቱ። ባትሪ መብራት የሚያበራ አፕ የአክስታችሁን ቁጥር ምን ያደርግለታል? ዝጉበት። አንዳንድ ስልኮች የመረጣችኋቸውን ሰዎች ብቻ ለይታችሁ እንድትፈቅዱም ያስችላሉ። በሉ፣ በሚቀጥለው እንገናኝ።